ደመወዙን ጥሎ ለሄደው ልጅ ጥብቅና

«ደህና የመንግሥት ሥራ ይዞ ሳለ ጥሎት ካርቱን ሊማር ሄደ» ይባላል። በዋግ፣ በከተማችን ሰቆጣ ይህ ወሬ ሲነሳ የሚነገረው የታመመ ሰው በሚነሳበት ድምፅ ነው። ቡና ላይ ከንፈር ይመጠጥለታል። እናቱን የሚያውቁ ለእናቱ ያዝናሉ። ባልደረቦቹ መደቡን ማን ይይዘው ይሆን ይላሉ። ልጁ ወደ ዐረብ አገር ለመሻገር ተነስቶ ቢሆን ብንጨነቅለትም ምክንያቱ ይገባን ነበር። ሥዕል ማንቀሳቀስ ሊማር ሲነሳ ግን ምክንያት የሌለው፣ ላም አለኝ በሰማይ የሚል ሰው አድርገን እንቆጥረዋለን። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ፍርዱ እጥፍ ነው፤ ሥራዋንም ትዳሯንም አብራ እንደጣለች ይወራባታል።

እኔ ይህ ፍርድ ልክ አይደለም ባይ ነኝ። የሚፈርዱት ሰዎች ልጁን እንደሚወዱት አልጠራጠርም፤ ለዚህም ነው ዝም ማለት የማይገባኝ። ወዳጅ የሚሰጠው የተሳሳተ ምክር ጠላት ከሚሰነዝረው ስድብ የበለጠ ሰው ያስቀራል።

ምክሩ በሁለት መልክ ይመጣል። አንደኛው በግልጽ «አትልቀቅ» የሚለው ነው። ይህን መመለስ ቀላል ነው፤ የሰው ምኞት አይደለምና የሚወስነው፣ ልጁ ይሰማውና ይወስናል። አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው። «ሥራህን ይዘህ ማታ ማታ ተማር፤ ሁለቱንም ታገኛለህ» ይላል። አስተዋይ ይመስላል፣ ማንንም አያስቀይምም፣ ሁሉም ይስማማበታል። እንደኔ እምነት ግን ዋግ ውስጥ ስንት ተሰጥኦ ያለው እጅ በዚህ ምክር ሟሙቶ ቀርቷል። ምክሩ የሚሰጠው ሙያው ምን እንደሚጠይቅ ሳይታወቅ ስለሆነ እሱን ላስረዳ።

ፊልም በአንድ ሰከንድ 24 ፍሬም ያሳያል። በእጅ የሚሣል አኒሜሽን ብዙ ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ስለሚያቆየው በሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃዋል። አንድ ደቂቃ ማለት እንግዲህ 720 ሥዕል ነው፤ ያውም አንድ ገጸ ባሕርይ ብቻ ቢኖር፣ ያውም አንዱም ሥዕል ሳይሰረዝ። በኮምፒውተር ባለ ሦስት አውታር ሆኖ የሚሠራው ሥዕሉን ይቀንሳል እንጂ ድካሙን አይቀንስም። አካሉ ይቀረጻል፣ በውስጡ አጥንት ይሰካለታል፣ ቆዳው ከአጥንቱ ጋር ይያያዛል፣ ብርሃን ይሰጠዋል፤ መንቀሳቀስ የሚጀምረው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

እንቅስቃሴው ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የዲዝኒ አንጋፋ ሠዓሊዎች ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ የሙያውን 12 መሠረታዊ መርሆዎች አስቀምጠዋል፤ ዛሬም ጀማሪ ሁሉ የሚነሳው ከእነሱ ነው። ከመርሆዎቹ አንዱ፣ አካል ሲቆም በአካሉ ላይ የተንጠለጠለው ነገር አብሮት ወዲያው አይቆምም ይላል። ይህን ለማየት ካሊፎርኒያ መሄድ አያስፈልግም። ነሐሴ 16 የልጃገረዶች በዓል ሻደይ ሲገባ ሰቆጣ ላይ ቆሞ መመልከት ይበቃል። ልጃገረዷ ወገቧን ስታዞር የታጠቀችው የሻደይ ቅጠል ዘግይቶ ይከተላታል። ወገቧ ሲመለስ ቅጠሉ ገና ወደ ፊተኛው አቅጣጫ እየሄደ ነው። እሷ ቆማ እንኳ የቅጠሉ ጫፍ ይርገበገባል። የአንገቷ ጌጥ የራሱ ጊዜ አለው፣ ሹሩባዋም የራሱ። ከበሮው ሲመታ ትከሻዋ ይቀድም እንደሆነ፣ ወይስ ጉልበቷ ቀድሞ እጥፍ ብሎ ትከሻዋን ይጠራው እንደሆነ፣ በየዓመቱ ሻደይ ከምናየው ከእኛ መካከል ስንቶቻችን እንመልሳለን? አኒሜሽን የሚማር ሰው ይህን መመለስ ግዴታው ነው። ካልመለሰ የሚሥላት ልጅ ሐውልት ትሆናለች። የአበርገሌ ፍየል ገደል ስትወጣ ክብደቷን ከየትኛው እግር ወደ የትኛው እንደምታዛውር፣ አሮጊት ከመደብ ስትነሳ እጇ ከጉልበቷ ስንት ቅጽበት ቀድሞ መደቡን እንደሚገፋ፣ ሁሉም እንዲሁ ነው።

ዐይን እንዲህ የሚሠለጥነው በየቀኑ፣ ሳይቋረጥ በመሣል ነው። ትናንት የተሳሳተውን ዛሬ ጠዋት በአዲስ ዐይን አይቶ ያላረመ ተማሪ ስሕተቱን ይለምደዋል። አንድ ሳምንት ቆይቶ የተመለሰ እጅ ያቆመበትን ቦታ ፍለጋ ብቻ ግማሽ ቀን ያጠፋል።

አሁን የመንግሥት ሠራተኛውን ቀን እንመልከት። ጠዋት 2፡30 ይገባል፣ ማታ 11፡30 ይወጣል። ሪፖርት ሲደርስ ያመሻል። ከዚያ ለቅሶ አለ፣ ዕድር አለ፣ ዝክር አለ፤ ከእነዚህ የሚቀር ሰው ሰቆጣ ውስጥ ሰው አይባልም፣ መባልም የለበትም። በቀረችው ጊዜ መብራት ካለ ኮምፒውተሩን ይከፍታል። ተጣጥሮ በሳምንት 6 ሰዓት ቢያገኝ፣ በሳምንት 40 ሰዓት የሚማር ሰው በአንድ ዓመት የሚደርስበት ቦታ ለመድረስ ከስድስት ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ በየመሀሉ የሚረሳው ሳይቆጠር። ስድስት ዓመት ደግሞ ሰው አግብቶ የሚወልድበት፣ የደረጃ እድገት የሚያገኝበት፣ ወላጆቹ የሚያረጁበት ጊዜ ነው። «ማታ ማታ ተማር» ያለው መካሪ ይህን ሒሳብ ሠርቶ አያውቅም። ልጁ በአራተኛው ዓመት ሲተወው ግን «እኔም ብዬው ነበር» ይላል።

የሚገርመኝ ይህን የሚለው የዋግ ሰው መሆኑ ነው። ሙሉ ጊዜን ለአንድ ዕውቀት መስጠት ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ የሚያውቅ ሕዝብ የት አለ? አንድ ልጅ ቅኔ ሊማር ወደ ዋድላ ወይም ወደ ዋሸራ ሲወጣ፣ ድጓ ሊያስመሰክር ጋይንት ቤተልሔም ሲወርድ፣ አቋቋም ሊማር ጎንደር በዓታ ሲገባ «እርሻህን ይዘህ በትርፍ ጊዜህ ተማር» ያለው አባት ነበር? ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ በመንገድ ከውሻ፣ በጎጆው ከብርድ ጋር እየታገለ ዓመታት ይቆያል። ደመወዝ የለውም። ተመርቆ የት እንደሚቀጠር ውል አልያዘም። እናቶቻችን የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጠይቁ እንጀራ ሲቆርሱለት የኖሩት፣ ዕውቀት ሰውን ሙሉ በሙሉ እንደሚጠይቅ ስለሚያውቁ ነው። ግማሽ ቀን ሲያርስ ውሎ ግማሽ ቀን ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ የትም እንደማይደርስ ያልተማረ ገበሬ ሳይቀር ያውቀዋል።

አቋቋምን ያየ ሰው ደግሞ ከዚህም አልፎ ይገባዋል። ቁም፣ ዝማሜ፣ መረግድ፣ ጽፋት ሲባል መቋሚያው መቼ እንደሚያዘነብል፣ ጸናጽሉ በየትኛው ምት ላይ እንደሚወድቅ፣ አካሉ ስንት ቅጽበት እንደሚዘገይ ተቆጥሮ የተሰጠ ነው። ደብተራው የሚማረው ከድምፅ ጋር የተሰላ እንቅስቃሴ ነው። አኒሜተሩም የሚማረው እሱኑ ነው። «ያኛው ለቤተ ክርስቲያን፣ ይኸኛው ለዓለም፤ እንዴት ታስተካክላቸዋለህ?» የሚሉኝ አባቶች አሉ። ቅድስናቸውን አላስተካከልሁም፣ አላስተካክልምም። የማስተካክለው ከተማሪው የሚጠይቁትን ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ለአንዱ ስንሰጥ «በረከት»፣ ለሌላው ሲሰጥ «ዕብደት» የምንልበት ምክንያት ከልማድ በስተቀር አልታየኝም።

«ቋሚ ሥራ» የሚለውንም እስቲ እንፈትሸው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ዋግን ሲመታ ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ። የመንግሥት ሠራተኛው እንደማንኛውም ሰው ልጁን አዝሎ ተሰደደ። ቋሚ የተባለው ደመወዝ ለወራት ያልደረሰው ሠራተኛ ዛሬም ከመካከላችን አለ፤ እሱን መጠየቅ ይቻላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ፣ 58 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ፔሮሉ ላይ የሠራተኛው ደመወዝ ያው ነበር፣ ሱቁ ውስጥ ግን ዘይቱና ሳሙናው ያው አልነበረም። ጭማሪ መጥቷል፤ ግን ከኋላ እየተከተለ ነው የመጣው። ይህን የምለው የመንግሥትን ሥራ ለማራከስ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የገጠር መምህሩ፣ የወረዳው ገንዘብ ያዥ ባይኖሩ ዋግ አንድ ቀን አይውልም። የምለው ሌላ ነው፤ ልጁ የተወው ነገር እኛ በስሙ የምናስበውን ያህል የጸና አልነበረም። ያልጸናን ነገር ትቶ የሄደን ሰው አለት ላይ ቆሞ ሳለ ወደ ገደል እንደዘለለ አድርጎ ማውራት ሐሰት ነው።

ከእኛ በፊት የነበሩትን እንይ። አንኮበር ተወልደው ያደጉት አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። በዚያ ዘመን ከዚያ የበለጠ የተረጋገጠ እንጀራ አልነበረም፤ አገሪቱ መሐንዲስ ተርባ ነበር። እሳቸው ግን ምህንድስናውን ትተው ሥዕል ተማሩ፣ ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። ዛሬ አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ የገባ ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚያየው 150 ካሬ ሜትር ባለ ቀለም መስታወት ከዚያ ውሳኔ የመጣ ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታም የጀመረውን የእርሻ ትምህርት ትቶ ነው ወደ ሥዕል የዞረው፤ ኋላም ጀርመን፣ ኮሎኝ ድረስ ሄዶ ተማረ። ሁለቱንም ዛሬ በኩራት እንጠራቸዋለን። በጊዜው ጎረቤታቸው ብንሆን ምን እንላቸው እንደነበር ግን ከላይ የጻፍሁት ነው።

በልጆች ፊልም ከሄድን ደግሞ ብሩክታዊት ጥጋቡ አለች። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። ከባለቤቷ ከሼን ኢትዘንሃውዘር ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሠረቱና «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች ዝግጅት ጀመሩ። ቀጭኔዋ አሻንጉሊት ፀሐይ በብሩክታዊት ድምፅ ነው የምትናገረው። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን አገኘ፣ በ2010 ብሩክታዊት የሮሌክስ ተሸላሚ ሆነች፣ ድርጅቱም በኋላ ልጃገረዶችን ጀግና ያደረገ የአኒሜሽን ተከታታይ እስከመሥራት ደረሰ። መምህርቷ ክፍሏን ሳትለቅ ቅዳሜ ቅዳሜ አሻንጉሊት ብታንቀሳቅስ ኖሮ በአገር ደረጃ አንድ ትውልድ የሚያውቃት ፀሐይ አትኖርም ነበር። አዲስ አበባ የተወለደው ዕዝራ ውቤም አለ፤ አሜሪካ ሥዕል ተምሮ፣ እዚያው ኒው ዮርክ ተቀምጦ፣ በአንዲት ሸራ ላይ እየሣለ፣ ፎቶ እያነሳ፣ በላዩ ላይ ደግሞ እየሣለ፣ የአዲስ አበባን የከተማ ተረት አንቀሳቅሷል። «ሒሳብ» ይባላል፣ የ2011 እ.ኤ.አ. ሥራ ነው። አንዱ ምስል በተሣለ ቁጥር የፊተኛው ይጠፋል። ይህን ማታ ማታ የሚሠራ ሰው ይኑር ብትሉኝ አላምንም።

ድህነትን ምክንያት ለሚያደርጉ ኒጀርን ልጥቀስ። ሙስጠፋ አላሳን በሙያው መካኒክ ነበር። ኋላ ካናዳ ተሻግሮ ከአኒሜተሩ ከኖርማን ማክላረን ዘንድ ተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 «ቦን ቮያዥ ሲም» የተባለውን የእንቁራሪቶች ፕሬዚዳንት ፊልም ሠራ፣ ከአፍሪካ የአኒሜሽን ጀማሪዎች አንዱ ተብሎ ይጠራል። አገሩ ያን ጊዜ ነጻነት ካገኘች ስድስት ዓመቷ ነበር። ከቅርብ ጊዜው ደግሞ ላትቪያ አለች፤ ሕዝቧ ሁለት ሚሊዮን አይሞላም። ጊንትስ ዚልባሎዲስ የመጀመሪያውን ረጅም ፊልሙን ብቻውን በሦስት ዓመት ተኩል ጨረሰ። ቀጥሎ የሠራው «ፍሎው» ብሌንደር በሚባል፣ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊያወርደው በሚችል ፕሮግራም ተሠርቶ በ2025 እ.ኤ.አ. ኦስካር ወሰደ። በፊልሙ ውስጥ አንድ ቃል አይነገርም። ይህ ፊልም የተሠራበትን መሣሪያ ሰቆጣ ላይ ያለ ሰውም ሳይከፍል ማግኘት ይችላል። የሚጎድለው መሣሪያው ላይ የሚቀመጥበት ጊዜ ነው፤ እሱን ጊዜ ነው እኛ የምንነፍገው።

መልስ የሚገባቸው ተቃውሞዎች እንዳሉ አውቃለሁ። በደመወዙ ታናናሾቹን የሚያስተምር፣ የታመመ ወላጅ የሚያስታምም ሰው በአንድ ጠዋት መልቀቂያ አስገብቶ ይሂድ አልልም። እንዲህ ያለው ሰው መጀመሪያ ዕቁቡን ያውጣ፣ የስንት ወር ቀለብ እንዳለው ይቁጠር፣ ከወንድሞቹ ጋር ተራ ይያዝ። ግን ለእሱም መልሱ «እርሳው» አይደለም፤ መልሱ ቤተ ዘመዱ ተቀምጦ ሸክሙን ለሁለት ዓመት እንዲከፋፈል ነው። ሠርግ ለማስደገስ የሚሰበሰበው ዘመድ ለዚህ መሰብሰብ አያቅተውም።

«ሰቆጣ ውስጥ የሚያስተምር የለም» ይላሉ። እውነት ነው፤ መሄድ ያለበትም ለዚህ ነው። «ተምሮ ቢመለስ የሚከፍለው የለም» ይላሉ። ገበያው ጠባብ ነው፣ ለውጭ አገር ለተሠራ ሥራ ገንዘብ መቀበያ መንገዱም ገና አስቸጋሪ ነው፤ ይህን ለሚሄደው ልጅ ሳይደብቁ መንገር ተገቢ ነው። ነገር ግን ገበያ የሚፈጠረው ሥራውን የሚችል ሰው ሲኖር ነው። በ2007 ዓ.ም መንግሥት የልጆችን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ በከተማችን ስም ተሰየመ። ስለ ሕፃናት አመጋገብ ለእናቶች የሚታይ ምስል ዋግ ውስጥ ሲያስፈልግ የሚሥለው ማን ነው? ከሌላ ቦታ የሚመጣው ሥዕል ላይ ያለችው እናት የእኛን ቀሚስ አልለበሰችም፣ ምድጃዋ የእኛ ምድጃ አይደለም፣ የምትናገረውም ኽምጣኛ አይደለም። በኽምጣኛ አፉን የፈታ ልጅ በቋንቋው የሚያየው ተንቀሳቃሽ ተረት እስካሁን አላጋጠመኝም። ዋግ ውስጥ የተጠራቀመውን ተረት፣ በዋግሹሞች ዙሪያ የሚነገረውን ታሪክ፣ በ1929 ዓ.ም ጣልያንን የተዋጉትን የደጃዝማች ኃይሉ ከበደን ጀግንነት ማንም ከሩቅ መጥቶ አይሥልልንም። ቢሥልልንም ያዘነብላል እንጂ ቀጥ ብሎ አይቆምም።

አዲሱ ተቃውሞ «አሁን ሁሉን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሠራዋል፣ ሙያው ሊሞት ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ብዙዎቹ ባለፈው ዓመት ኮምፒውተር ተማሩ ሲሉ የነበሩ ናቸው። መሣሪያው ያየውን ይደግማል። የሻደይን ወገብ፣ የዋግን ገደል፣ የእናቶቻችንን አነሳስ አጥንቶ አልተመገበም፤ ስለዚህ ሲጠየቅ ከየትም የለቃቀመውን ይሰጣል። ስሕተቱን የሚያየው ዐይኑን ያሠለጠነ ሰው ብቻ ነው። መሣሪያው በረታ ቁጥር ያ ዐይን ይፈለጋል፤ ዐይኑ ደግሞ ከላይ ያልሁትን ዓመታት ይጠይቃል።

ስለዚህ ለሚለቁት የምለው አለኝ። ሳትለቁ በፊት የሣላችሁትን አምጥታችሁ አሳዩ፤ መቶ ገጽ ያልሣለ ሰው ሥራ አይልቀቅ። ማን እንደሚያስተምራችሁ፣ ማን እንደሚያርማችሁ፣ እስከ መቼ እንደምትቆዩ ለወላጆቻችሁ በቀን ቁጥር ንገሩ። ወላጆችም ልጁ ሲነግራችሁ መጀመሪያ ሥዕሉን ጠይቁት፤ ፊት ለፊቱ የተቆጣ ሰው ሳያይ ሥዕሉን ካሳያችሁ የምትወስኑት ሌላ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ግን ጥያቄዬ ለመሥሪያ ቤቶቻችን ኃላፊዎች ነው። ልጁ መልቀቂያ ይዞ ሲመጣ «ትጸጸታለህ» ብሎ ከመፈረም ሌላ የሚደረግ ነገር አለ። ያለ ደመወዝ የሁለት ዓመት የትምህርት ጊዜ ስጡት፣ መደቡን በጊዜያዊ ቅጥር አስይዙለት፣ ሲመለስም ለዞኑ የጤናና የትምህርት መልእክቶች የሚሠራበትን ግዴታ አስፈርሙት። ደመወዙን አትከፍሉትምና ለዚህ የሚጠየቅ አዲስ በጀት የለም።